የአልጫው ቢጫ፦ ሂስታሚን ለሚቆጠብ ሰው እርድ ይሆናል?

ሽንኩርቱ ደቅቆ ይቁላላል። ዘይት ጠብ ይደረግበታል፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላሉ። ከዚያ በሻይ ማንኪያ ጫፍ የገባች እርድ ድስቱን ባንድ አፍታ ወርቅማ ታደርገዋለች። ይህች ቅመም በቤታችን ማንንም አስፈርታ አታውቅም። በርበሬ የማይስማማው ሰው ሲኖር «ለእሱ አልጫ ይሠራለት» ይባላል። ለአራስ፣ ለሕፃን፣ ጨጓራው ለሚነድ፣ ከሕመም ለሚያገግም የሚቀርበው እሱ ነው።

ዛሬ ግን አልጫን ራሱን በጥርጣሬ የሚያዩ ሰዎች አሉ። ፊታቸው በድንገት የሚቀላ፣ ቆዳቸው ሽፍ የሚል፣ ከምግብ በኋላ ራሳቸውን የሚያማቸው፣ ሆዳቸው የሚነፋ፣ ልባቸው የሚመታ፣ ተመርምረው ተመርምረው በመጨረሻ «ሂስታሚን የበዛበትን ምግብ ቀንሱ» የተባሉ ሰዎች ናቸው። የምግብ ዝርዝር ይዘው ወደ ጓዳ ሲገቡ ግራ ይጋባሉ። አንዱ ዝርዝር እርድን ይፈቅዳል። ሌላው ቅመምን በጅምላ ይከለክላል። ሦስተኛው ደግሞ እርድ ለአለርጂ መድኃኒት ነው ብሎ በእንክብል እንዲውጡት ይመክራል። ሦስቱም ባንድ ጊዜ ልክ ሊሆኑ አይችሉም። የማን ቃል ይሰማ?

መነሻው ሂስታሚን ራሱ ነው። ሂስታሚን መርዝ አይደለም፤ ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል። ማስት ሴል በሚባሉ ሕዋሳት ውስጥ ተከማችቶ ይቆያል። ጨጓራ አሲድ እንዲያመነጭ የሚያዘው፣ አንጎልን ነቅቶ እንዲቆይ የሚያደርገው፣ ንብ ስትነድፈን ቆዳችን እንዲያብጥና እንዲያሳክክ የሚያደርገውም እሱ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ከባልደረባው ጋር የሂስታሚንን ጠባይ የመረመረው እ.ኤ.አ. በ1910 ነበር። (ካላመለከትኩ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ዳንኤል ቦቬን በ1957 ለኖቤል ሽልማት ካበቁት ሥራዎች አንዱም አንቲሂስታሚን የምንላቸው መድኃኒቶች ናቸው።

በምግብ በኩል የሚመጣው ሂስታሚን ግን የባክቴሪያ ሥራ ነው። ሂስቲዲን የሚባል የፕሮቲን ክፍል አለ፤ ዓሣ፣ ሥጋና አይብ በብዛት ይይዙታል። ባክቴሪያዎች እርጥበትና ጊዜ ካገኙ ሂስቲዲኑን ወደ ሂስታሚን ይቀይሩታል። ጤነኛ ሰው ይህን በመጠኑ በልቶ ምንም አይሆንም፤ ምክንያቱም አንጀቱ ውስጥ ዳይአሚን ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ዘብ ቆሞ፣ የገባውን ሂስታሚን ወደ ደም ሳይሻገር ይሰባብረዋል። ችግሩ የሚመጣው ዘቡ ሲሳሳ ነው። ከቦን ዩኒቨርሲቲ ላውራ ማይንትስና ናታሊያ ኖቫክ በ2007 ባሳተሙት ሰፊ ዳሰሳ ይህ ዓይነት አለመቻል ከሕዝብ 1 በመቶ ገደማውን እንደሚነካ፣ ከእነዚህም 80 በመቶው በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ያሉ እንደሆኑ ገምተዋል። በእርግዝና ወቅት የእንግዴ ልጅ ኢንዛይሙን በገፍ ስለሚያመነጭ በእናቲቱ ደም ውስጥ ያለው መጠን እስከ 500 እጥፍ ሊያድግ ይችላል፤ እርጉዝ ሳለች ያለችግር የበላችው ምግብ ከወሊድ በኋላ ሊያውካት የሚችለውም ለዚህ ነው።

ሕመሙ በራሱ ክርክር ያለበት መሆኑን መደበቅ አልፈልግም። በ2011 ኦስትሪያ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ ችግሩ አለባቸው ለተባሉ ሰዎች ሂስታሚንና ሐሰተኛ መጠጥ በተለያየ ጊዜ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሰጪም ተቀባይም ሳያውቅ ሲሰጥ፣ የየሰውየው ምልክት በየጊዜው አንድ ዓይነት ሆኖ አልተደገመም። የጀርመን የአለርጂ ሐኪሞች መመሪያም በደም ውስጥ ያለውን የኢንዛይም መጠን በመለካት ብቻ «አለብህ» ወይም «የለብህም» ማለት እንደማይቻል ይገልጻል። ይህ ማለት ሰዎቹ የሚሰማቸው ሕመም ውሸት ነው ማለት አይደለም። ሕመሙ እውነት ሆኖ ስሙ ሌላ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፦ የላክቶስ አለመስማማት፣ ሴሊያክ፣ ጃርዲያ፣ የጨጓራ ባክቴሪያ። እነዚህ ሳይመረመሩ ገበታን ማጥበብ ሰውን ያስርባል እንጂ አያድንም።

አሁን ወደ ዝርዝሮቹ ልመለስ። የባርሴሎና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 ባወጡት ሥራ አሥር የተለያዩ የዝቅተኛ ሂስታሚን የምግብ ዝርዝሮችን ጎን ለጎን አስቀምጠው መረመሩ። ሁሉም የተስማሙት የቦካና የፈላ ምግብን በመከልከል ብቻ ነበር። ከተከለከሉት ምግቦች ውስጥ በእርግጥ ብዙ ሂስታሚን ስላለባቸው ክልከላቸው የሚገባ ሆኖ የተገኘው 32 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው። የቀሩት የተከለከሉት በሌላ ምክንያት ነው፤ አንዳንዶቹ ሌሎች ተመሳሳይ ውሁዶች ስላሏቸው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ «ሂስታሚን ያስለቅቃሉ» ስለተባለ። «ያስለቅቃሉ» የሚለው ቃል ላይ ብዙ ዝርዝር ተንጠልጥሏል፤ ከጀርባው ያለው ማስረጃ ግን ቀጭን ነው።

እርድ በዚህ ሚዛን እንዴት ይታያል? የዝንጅብል ወገን ናት፤ ከመሬት በታች የሚበቅለው ግንዷ ነው የሚበላው። በሀገራችን በቴፒና በአካባቢው በስፋት ትመረታለች፤ እዚያው ያለው የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከልም ከሚሠራባቸው ሰብሎች አንዷ ናት። ከተቆፈረች በኋላ ትቀቀላለች፣ በፀሐይ ትደርቃለች፣ ከዚያ ትፈጫለች። አትቦካም፣ አትፈላም። በደረቀ ዱቄት ውስጥ ባክቴሪያ የሚሠራበት እርጥበት የለም። አንድ ቁንጥር እርድ ወደ ወጡ ይዛው የምትገባው ፕሮቲንም ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ «እርድ ሂስታሚን ተሸካሚ ናት» የሚለው ክስ ከመነሻው አይቆምም።

«ታስለቅቃለች» የሚለው ሁለተኛው ክስም ቢሆን፣ ያለው ማስረጃ ወደ ተቃራኒው ያጋድላል። የእርድን ቢጫነት የሚሰጠው ኩርኩሚን ከዱቄቱ 3 በመቶ ገደማ ነው። በ2008 በአይጦችና በሕዋሳት ላይ በተሠራ ጥናት ኩርኩሚን ማስት ሴሎች ያከማቹትን እንዳይለቁ ሲገታ ታይቷል። በ2016 በታተመ የሰው ጥናት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በሚዘልቅ የአፍንጫ አለርጂ የሚሠቃዩ 241 ሰዎች ለሁለት ወር ኩርኩሚን ወይም ሐሰተኛ እንክብል ወስደው፣ ኩርኩሚን የወሰዱት ማስነጠሱና የአፍንጫቸው መታፈን ቀለል ብሎላቸዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥናቱ ስለ አፍንጫ አለርጂ እንጂ ሂስታሚን መሰባበር ስላቃተው አንጀት አይደለም። የተሰጠውም እንክብል እንጂ አልጫ አልነበረም። ከዚህም በላይ ኩርኩሚን ለመድኃኒትነት አስቸጋሪ ጠባይ አለው። በ2017 በአሜሪካ የመድኃኒት ኬሚስትሪ መጽሔት ላይ የወጣ ጥብቅ ግምገማ ውሁዱ በሰውነት ውስጥ ቶሎ የሚፈርስ፣ ወደ ደም እምብዛም የማይገባ፣ ከመቶ ሃያ በላይ የክሊኒክ ሙከራ ተደርጎበት በጠንካራ ሙከራ ፈዋሽነቱ ያልተረጋገጠ ነው ብሎ ደምድሟል። እርድን ከወንጀለኛ ሳጥን ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ከሐኪም ወንበር ላይ ማስቀመጥ ሌላ። እኔ የመጀመሪያውን እደግፋለሁ፣ ሁለተኛውን አልደግፍም።

ደግሞ እርድ ብቻዋን መጥታ አታውቅም። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና ወደ ሀገራችን ሲገባ በየቤቱ የተፈላውን መጠጥ እናስታውስ፦ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ማር፣ አንዳንዱ ጋ እርድና ቁንዶ በርበሬ። ሂስታሚን የማይስማማው ሰው ያን ጠጥቶ ፊቱ ቢቀላ ጥፋተኛው ማን ነው? ሎሚና የሎሚ ዘመዶች በብዙ ዝርዝር ተከልክለዋል። ቁንዶ በርበሬም እንደ ሚጥሚጣና በርበሬ የሚያቃጥል ቅመም ተብሎ በብዙዎቹ ውስጥ ይወገዛል። ደማቅ ቀለም ያላት እርድ ስለሆነች ግን ዓይን የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ውጭ ሀገር «ከሪ» እየተባለ የሚሸጠው ድብልቅም እንዲሁ ነው፤ ቢጫነቱ የእርድ ይሁን እንጂ በውስጡ ቃሪያ፣ ሰናፍጭ፣ አብሽና ሌላም አለ። ከሪ በልቶ የታመመ ሰው እርድን አልሞከረም።

ቁንዶ በርበሬ ሌላም ጉዳይ አለው። በ1998 የሕንድ ተመራማሪዎች 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊግራም ፒፐሪን ጋር ለሰዎች ሲሰጡ፣ ወደ ደም የሚገባው ኩርኩሚን በ2,000 በመቶ ጨመረ። ፒፐሪን የቁንዶ በርበሬ የማቃጠል ኃይል ነው። እንክብል አምራቾች ሁለቱን አንድ ላይ የሚያሽጉት ለዚህ ነው። ለወጥ የሚነሰነሰው መከለሻ ውስጥ ያለው ቁንዶ በርበሬ ግን ኢምንት ስለሆነ በዚህ የሚያስጨንቅ ነገር የለም።

ከእርድ ይልቅ ረዘም አድርጌ መናገር የምፈልገው ስለ ድስቱ ነው። የሂስታሚን ነገር በእኛ ቤት የሚወሰነው በቅመሙ ሳይሆን በሰዓቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ወጥ ሲያድር ይጣፍጣል እንላለን። ለበዓል የተሠራ ዶሮ ሦስት ቀን ይበላል፤ በየቀኑ ይሞቃል፣ ይቀመጣል፣ እንደገና ይሞቃል። ለብዙው ሰው ይህ ምንም አይደለም። ሂስታሚን ለማይችል ሰው ግን አደጋው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ሂስታሚንን እሳት አይበግረውም። ማሞቅ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ባክቴሪያው ቀድሞ የሠራውን ሂስታሚን ግን አያጠፋውም። ጠዋት የፈላው የትናንት ወጥ ንጹሕ ነው፣ አይሸትም፣ ጣዕሙም ጥሩ ነው፣ ሂስታሚኑ ግን እዚያው አለ።

የዓሣ መመረዝ ይህን በግልጽ ያሳያል። ቱና፣ ማከረልና የመሳሰሉት ዓሦች ከተያዙ በኋላ በቶሎ ካልቀዘቀዙ ሂስታሚን ይሞላባቸዋል፤ የበላው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይቀላል፣ ራሱን ይመታዋል፣ ያስቀምጠዋል። ጤነኛውም ቢሆን አያመልጥም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለእነዚህ ዓሦች ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ 200 ሚሊግራም ነው። ምግቡን መቀቀልም ሆነ በጣሳ ማሸግ ችግሩን አይፈታውም። በጾም ቀን ከሱቅ የምትገዛዋ የቱና ጣሳ እንግዲህ ሂስታሚን ለሚቆጠብ ሰው ከእርድ በብዙ እጥፍ የምታሰጋ ናት። ቋንጣም ሥጋው እስኪደርቅ ባሉት ቀናት ለባክቴሪያ ጊዜ ስለሚሰጥ በዚሁ ወገን ይቆጠራል።

ስለዚህ ሁለት ድስት አልጫ እናስብ። አንዱ ዛሬ ተሠርቶ ዛሬ የተበላ፣ እርድ ያለበት የድንችና የካሮት አልጫ ነው። ሌላው እርድ የሌለበት፣ ግን ከትናንት ወዲያ የተሠራ የሥጋ አልጫ ነው። ዝርዝር አንባቢው ሁለተኛውን ይመርጣል፣ ቅመም የለበትማ። እኔ ለሕመምተኛ የማቀርበው የመጀመሪያውን ነው። ሥጋ የግድ ከሆነ ትኩስ ተገዝቶ ወዲያው ይሠራ፤ የተረፈው ድስት ውስጥ አይደር፤ በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ እንደበረደ በረዶ ቤት ይግባ።

እንጀራስ? ውጭ ሀገር ያሉ ወገኖቻችን ከሐኪም የሚቀበሉት ዝርዝር ስለ ቆየ አይብ፣ ስለ ኮመጠጠ ጎመን፣ ስለ ወይን ጠጅ ይናገራል፤ ስለ እርሾና ስለ ጤፍ አንድ ቃል የለበትም። እንጀራ የቦካ ነው፤ ስለዚህ ሕጉን ቃል በቃል የያዘ ሰው ይከለክለዋል። ጤፍ ግን ዓሣ ወይም አይብ አይደለም፤ ለሂስታሚን መነሻ የሚሆነው ፕሮቲን በጣም ያነሰ ነው። ሙሉ ለሙሉ ከመተው በፊት አፍለኛውን መሞከር ይቻላል። አፍለኛ ጥቂት ሰዓት ብቻ ቦክቶ የሚጋገረው ነው፤ ኮምጣጣው ደግሞ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። አፍለኛውም ካስቸገረ ሳይቦካ የሚጋገር ቂጣ አለ። ጠላና ጠጅ ላይ ግን አልደራደርም፤ መፍላታቸው ብቻ አይደለም፣ አልኮል ራሱ ያን ዘብ የቆመ ኢንዛይም ያዳክማል።

በድስትና በእንክብል መካከል ያለውን ርቀት በቁጥር ማየት ይጠቅማል። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ 3 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ኩርኩሚኑ 90 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል። ለስድስት ሰው በተሠራ አልጫ ላይ ይህ ቢጨመር ለአንድ ሰው የሚደርሰው 15 ሚሊግራም ነው። ለምግብ ማቅለሚያነት ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ያስቀመጡት የቀን ጣሪያ በአንድ ኪሎ ክብደት 3 ሚሊግራም ሲሆን፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 180 ሚሊግራም ማለት ነው። አንድ የተለመደ እንክብል ግን 500 ሚሊግራም ይይዛል፤ ከአንድ ሰው የአልጫ ድርሻ ከ30 እጥፍ በላይ።

ይህ ልዩነት ጉዳት አስከትሏል። በ2019 ጣሊያን ውስጥ የእርድ እንክብል ከወሰዱ ሰዎች መካከል በጉበት ብግነት የታመሙ ስለተገኙ ሀገሪቱ በኋላ በማሸጊያው ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዝዛለች። አውስትራሊያም በ2023 ተመሳሳይ ማሳሰቢያ አውጥታለች። በአሜሪካ የጉበት ጉዳት መዝገብ ላይ ተመሥርቶ በ2022 የታተመ ጥናት ደግሞ በእርድ የታመሙ አሥር ሰዎችን መርምሮ፣ ሰባቱ አንድ ዓይነት የበሽታ መከላከል ዘረመል እንዳላቸው አሳይቷል። ይህን ዘረመል ማን እንደያዘ በዓይን አይታወቅም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድና የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰውም ከእንክብሉ ይራቅ። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣው በመሆኑ ብቻ አይዋጥ።

የቅመሙ ንጽሕና ሌላ ነገር ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ ነጋዴዎች የደበዘዘ እርድ እንዲያበራ ሊድ ክሮሜት የተባለ ቢጫ የኢንዱስትሪ ቀለም ይቀቡት ነበር። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ከሀገሪቱ የጤና ምርምር ተቋም ጋር ይህን በ2019 ይፋ አደረጉ። በገበያው ከተወሰደው ናሙና 47 በመቶው እርሳስ ነበረበት። መንግሥት ነጋዴ ቀጣ፣ በአደባባይ አስተማረ፤ በ2021 ናሙናው ሲለካ ቁጥሩ ዜሮ ደረሰ። የእርሳስ መመረዝ ሆድ ቁርጠትና ራስ ምታት ያመጣል፤ ሂስታሚን ነው ብሎ የሚታገል ሰው በቀላሉ ሊሳሳትበት ይችላል። ደግነቱ እኛ ጋ እርድ ሳይፈጭ ከነሥሩ ይገኛል። ደረቁን ገዝቶ፣ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ራስ ቆሞ ማስፈጨት ብዙ ሥጋት ያስቀራል።

መሞከር የሚፈልግ ሰው ቅደም ተከተሉን ይጠብቅ። የጀርመኑ መመሪያ ከ10 እስከ 14 ቀን ሂስታሚን የሚበዛባቸውን ምግቦች ቀንሶ ማየትን፣ ከዚያ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ አንድ በአንድ መመለስን፣ በመጨረሻም ለራስ የሚስማማውን ሰፊ ገበታ ማግኘትን ይመክራል። ሁለት ሳምንት ተቆጥቦ ለውጥ ያላየ ሰው ችግሩ ሌላ ስለሆነ ክልከላውን አቁሞ ወደ ሐኪም ይመለስ። ለውጥ ያየ ደግሞ እርድን ብቻዋን ይሞክር። ዛሬ በተቀቀለ ሩዝ ወይም ድንች ላይ፣ ያለ ሎሚ፣ ያለ ቁንዶ በርበሬ፣ ያለ ቃሪያ፣ ቁንጥር ታህል። ሁለት ሦስት ቀን ደግሞ ያንኑ። የበላውን፣ ሰዓቱን፣ የተሰማውን በደብተር ይጻፍ። ቆዳው በንክኪ ብቻ የሚቆጣ ከሆነ ግን ይህ የሂስታሚን ጉዳይ ሳይሆን እውነተኛ የእርድ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል አይሞክር።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ለሀገራችን አንባቢ። ለሳንባ ነቀርሳ ሕክምናና መከላከያ የሚሰጠው አይሶናያዚድ ያንኑ ሂስታሚን ሰባሪ ኢንዛይም ይገታል። መድኃኒቱን እየወሰዱ ቱና ወይም የቆየ አይብ በልተው ፊታቸው የቀላ፣ ልባቸው የመታ ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። እርስዎም አይሶናያዚድ ላይ ሆነው እንዲህ ካጋጠመዎት ጥፋቱን በአልጫዎ ላይ አያሳብቡ፤ መድኃኒቱንም በራስዎ አያቋርጡ። የበሉትን በወረቀት ጽፈው፣ መድኃኒቱን ለሚሰጥዎ የጤና ባለሙያ ዛሬውኑ ያሳዩ።